«የእናታችሁ» የሚለው ፎልደር

በወንድሜ ቤት ቁልፍ የሚባል ነገር አይታወቅም። ቁም ሳጥኑ፣ መሳቢያው፣ የሥራ ዕቃ ሣጥኑ ሁሉ ክፍት ነው። «ከቤቴ ሰው ምን እደብቃለሁ?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ስለኖረ የሰፈሩ ሰው ሽቦ ይለዋል። እኔ ታናሽ እህቱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ሁሉም እጁን የሚያስገባበት ፋይል መጨረሻው ምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ የለም።

ሚስቱ፣ እኔ እቴቴ የምላት፣ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ፎቶ መነሣት እንኳ የማትወድ ሴት ነበረች። ከእሷ የቀረው አንድ የቪዲዮ ካሴት ነበር። ማድ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እሱ ለጥገና የመጣ የሰው ካሜራ ይዞ ይገባባታል። ፊቷን በክንዷ ከልላ «ኧረ አጥፋው፤ አጥፋው አልኩህ እኮ» ትላለች፤ ከዚያ ሳቋ ያመልጣታል። እሱም አላጠፋም። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ድምጿ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

ካሴቱ መሻገት ሲጀምር ነው ኮምፒውተሩን ያሰበው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር አመጣ፣ ማራገቢያውን በቀለም ብሩሽ አጸዳው፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገጠመለት፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር በገመድ አገናኘው። ካሴቱን አንዴ አጫውቶ ቀዳው። ለመጠባበቂያ ብሎ ደግሞ ሊያጫውተው ሲል ማጫወቻው በላው። «ዋናው ተቀድቷል» አለና ቁርጥራጩን ጣለው። ከዚያ ሦስቱ ልጆቹ በየክፍላቸው ሆነው በስልካቸው እንዲያዩ ፎልደሮቹን ማጋራት ጀመረ። «ፊልም»፣ «ዘፈን»፣ «የእናታችሁ» ብሎ ሰይሟቸዋል።

አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተሩ «ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጻፍም ይፈቀድ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ ማንበብ ብቻ በለው። መጻፍ የተፈቀደለት ማጥፋትም ይችላል» አልኩት።

«የእናታቸውን ነገር ማን ያጠፋል? አንቺ ደግሞ ሁሉም ቤት መዝገብ ቤት ይመስልሻል» ብሎ ሳቀብኝ። ለሁሉም፣ ሁሉንም ፈቀደ። «ላንቺም በፍላሽ ልቅዳልሽ?» ሲለኝ «ምን ያጣድፍሃል፣ እዚሁ እየመጣሁ አየው የለም ወይ» አልኩት። ለእያንዳንዷ ደብዳቤ ግልባጭ ሳስቀር የኖርኩት ሴትዮ ነኝ ይህን ያልኩት። ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሳሎን ተሰብስበው አዩት፤ ትንሿ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን ስልካቸውን ይዘው በየክፍላቸው ገቡ፤ ሳሎኑ ለእሱ ብቻ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ እቴቴን ያያታል። እኔም እየመጣሁ አያለሁ ያልኩት ሁለቴ ብቻ ነው የሄድኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሪሞቱን ሲያነሣ «የእናታችሁ» የለም። ደውሎልኝ ስደርስ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቶ ገመዶቹን እየነካካ ነበር። የበኩር ልጁን ጠራው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ክራቫት አሥሮ ቢሮ የሚገባ ሰው ነው።

«እሱን ነው እንዴ? ቦታ አጥቼ ነው አባዬ። ዲስኩ ሞልቶ የተከታታይ ፊልሙ አርባኛ ክፍል አልገባ ሲለኝ፣ ይህን ማንም አያየውም ብዬ አጠፋሁት።»

«ከየት ሆነህ ነው ያጠፋኸው?»

«ከአልጋዬ፣ በስልኬ።»

ወንድሜ ቁጭ አለ። በስልክ በኩል የጠፋ ነገር የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገባም፣ በዚያው ይሄዳል። ወዲያው ቢነግሩት ኖሮ ሊያወጣው ይችል ነበር፤ አሁን ግን በላዩ ላይ የፊልሙ አርባኛ ክፍል ተጭኖበታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረ፣ ምንም አልወጣም።

«ሌላ ካሴት የለም?» አለ ልጁ።

«ሌላ እናትስ አለችህ?» አልኩት። ወንድሜ በእጁ ዝም አሰኘኝ።

«እሷ አጥፋው እያለች ስትለምነኝ ያላጠፋሁትን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ልጁን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም። እኔን ግን ነገሩ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ልጁ ማንም አያየውም ማለቱ ከአባቱ በቀር እውነት መሆኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ተገጥሟል፤ እሱም ፊቱ ተቀምጦ አንድ ነገር ይነካካል። «ፊልም»ም «ዘፈን»ም እንደ በፊቱ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ከሥራቸው አዲስ ፎልደር ከፍቶ «የእናታችሁ» ብሎታል፤ እሱን ግን «ማንበብ ብቻ» አድርጎ ቆልፎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ባዶ ነው እኮ ወንድም ጋሼ፣ ምን ብለህ ትቆልፈዋለህ?»

«አውቃለሁ» አለ። «ቦታዋ ይቆይላት።»