አማቴና የቆላው ሳር

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ቆቦ የገባሁት በትዳር ነው። ቤታችን ከከተማው ዳር አዲስ የተሠራ ነበርና ግቢው ባዶ አፈር ነው። ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ንፋስ ሲነሣ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሳህን ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ይጨንቀኛል። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ለምኜው፣ በየካሬው ተቆርጦ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ሳር ከደሴ በመኪናው አመጣልኝ። ከበሩ እስከ በረንዳው በገዛ እጄ አነጠፍኩት።

አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሮቢት በኩል ማሽላና ጤፍ ሲያርሙ የኖሩ ገበሬ ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉና፣ “ልጄ፣ ይሄ ለምን ይሆናል?” አሉኝ።

“ለማየት ነው እማ።”

“ለማየት?” አሉ። ለእርሳቸው ሳር ማለት ወይ ከብት የሚበላው፣ ወይ ቤት የሚከደንበት፣ ወይ ከሰብል መሀል ተነቅሎ የሚጣል ነው።

የሚያዝያ ፀሐይ ለሳሬ ሁለት ሳምንት አልሰጠውም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ከማብሰያው እየቀነስኩ ባጠጣውም ዳር ዳሩ ተቃጠለ፣ መሀሉም ተከተለ። አንድ ጠዋት በመጥረጊያ ስነካው እንደ ገለባ ተነሥቶ መጣ። እዚያው ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ። እዚህ አገር የኔ ነው የምለው ነገር አይበቅልልኝም ማለት ነው ብዬ።

አማቴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

“አብሽሪ” አሉኝ። “የደጋ ሳር ቆላ አምጥተሽ እሱ ምን ያድርግ? ዝናቡ ይግባና የሚሆነውን አሳይሻለሁ።”

እንዳሉትም ሐምሌ ላይ መሬቱ ሲርስ፣ ሮቢት ድረስ በሚኒባስ ሄደን ከዚያ በእግራችን ከወንድማቸው እርሻ ደረስን። አማቴ በእርሻው ዳር ዳር እየሄዱ ሳሩን ሁሉ እንደ ድሮ ባላጋራ ያሳዩኝ ጀመር።

“ይቺ ሰርዶ ናት፤ እንዳትነኪያት። አንዴ ከገባች ቤትሽን ትወርሳለች። ያቺ ደግሞ መልኳ ያምራል፣ ግን ፍሬዋ ልብስ ላይ እየተጣበቀ እንግዳ ያስቀይምሻል።” ከዚያ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ሳር ፊት ቆሙ። “ይሄ ሰንበሌጥ ነው። ድርቅ አይፈራም፤ ሲደርቅም ወርቅ ይመስላል።” ጥቂት አለፍ እንዳልን፣ ጉልበት የሚደርስ፣ ጫፉ እንደ ድመት ጭራ ለስላሳ የሆነ ሳር አገኘን። እጃቸውን ሰደው ዳበሱት።

“ይሄን ስንቴ ነቅዬ ጥዬዋለሁ!” አሉ። “ለካ ቆንጆ ነው። ጎንበስ ብዬ ስነቅለው እንጂ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።”

ወንድማቸው ዶማቸውን ተደግፈው በሳቅ ፈረሱ። “እህቴ አረጀች! ዕድሜዋን ሙሉ ስትነቅል ኖራ ዛሬ ልትተክል!”

“ዝም በልና ቆፍር!” አሏቸው።

የሁለቱንም ሳር ሥር ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ተመለስን። አተካከሉንም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ቅጠሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ እንዲቀር ሆኖ ይቆረጣል፤ ያለዚያ ሥሩ ሳይይዝ ቅጠሉ ውሃውን ይጨርሰዋል። ረጅሙን ከአጥሩ ሥር፣ አጭሩን ከበሩ እስከ በረንዳው ግራና ቀኝ ተከልን፤ በመካከላቸው አንድ አንድ እርምጃ ተውን። “ጠጋ ጠጋ ብናደርገውስ? ባዶ ሆነ እኮ” ብላቸው፣ “ታገሺ፤ ነገ ሲሰፋ ቦታ ይፈልጋል” አሉኝ።

ለሦስት ሳምንት ግቢያችን የተላጨ ራስ መሰለ። ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ ጉቶውን እያየ ፈገግ ይል ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ብወጣ፣ ከየጉቶው መሀል እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ብቅ ብሏል።

“እማ! ይዟል! ይዟል!” ብዬ ጮህኩ።

አማቴ ወጥተው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወሩ አዩና “አልሃምዱሊላህ” አሉ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይስቃል።

ጥቅምት ላይ ሁሉም አሸተ። ጥር ደርሶ የማሽላው አገዳ ተነሥቶ ሜዳው ራቁቱን ሲቀር፣ የኛ ግቢ ወርቅ ለብሶ ቆመ። አቧራውንም ሰንበሌጡ አጥሩ ላይ ያስቀረው ጀመር።

በዚያው ወር የጎረቤታችን ልጅ ተዳረች። ፎቶ አንሺው ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን አስከትሎ በራችንን አንኳኳ። “እናቴ፣ እዚህ ሳር ውስጥ ላንሣት?” አለ።

“ውስጥ የለም! ፊት ለፊቱ አቁማት” አሉ አማቴ። “የረገጠው ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው!”

ሙሽራዋ እንደቆመች ንፋሱ መጣ። ሰንበሌጡ ሁሉ ከኋላዋ በአንድ ላይ ዘንበል ሲል ሚዜዎቹ እልልታውን አቀለጡት። ተከትለው የገቡት ሴቶች፣ “ማሻ አላህ! ይሄ ምን የሚሉት አበባ ነው? ከአዲስ አበባ ነው ያመጣችሁት?” እያሉ ጠየቁ።

አማቴ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ “ሳር ነው! የገዛ አገራችን ሳር! እኔና ልጄ ነን ያሳደግነው” አሉ።

ለብቻችን ስንሆን “ልጄ” ይሉኝ ነበር፤ በሰው ፊት ግን እስከዚያ ቀን “የደሴዋ” ነበርኩ። ለሴቶቹ የሚጠጣ ነገር ለማምጣት ወደ ውስጥ ስገባ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

በዓመቱ ዝናቡ ሲገባ አምስት ሴቶች ጆንያ ይዘው መጡ፤ አንዷ ከዋጃ ድረስ። አማቴ የሰፋውን ሳር በዶማ መሀል ለመሀል እየከፈሉ፣ የቱ ለአጥር የቱ ለመተላለፊያ እንደሚሆን እያስረዱ አደሏቸው። ዛሬ ከአስፋልቱ ወደ እኛ የሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኙ ሳር ነው። ከገበያ ስመለስ ለባጃጁ ነጂ “ሰንበሌጥ ሰፈር” እለዋለሁ፤ የት ነው ብሎ ሳይጠይቀኝ ከበሬ ያደርሰኛል።