የጋሽ አብዱልሐሊም ቁጥጥር

ጋሽ አብዱልሐሊም ወሎ ውስጥ፣ ግራና ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወረዳ ቁጥጥር መጣ በተባለ ቁጥር ጓሮ ሲጠርጉ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ሲሰቅሉ ኖረዋል፤ ቁጥጥሩ ሲሄድ ጀሪካኑም ወደ ዘይት መያዣነቱ ይመለሳል። በዚህ ትጋታቸው የሞዴል አርሶ አደር ሰርተፍኬት አግኝተው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ለቅሶ ሄደው ሳለ ቁጥጥር መጣና ማሳቸው ላይ አረም አገኘ። ሰርተፍኬቱ ተነጠቀ፣ ምስማሩ ብቻ ቀረ። እኔ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ነቅዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ያሳፍረኛል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሰርተፍኬቱን ከማስመለስ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ይርጋለም የምትባል የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የአይጥ ጥናት ይዛ ስትመጣ ወደ እሳቸው ወሰድኳት። ሁለት የማሽላ ማሳ መረጠች። በአንደኛው አዲስ ወጥመድ ይቀበራል፤ ሌላኛው እንዳለ ይተዋል። ወጥመዱ መሥራቱ የሚታወቀው ካልተነካው ማሳ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ያልተነካው በትምህርቷ ቁጥጥር ይባላል። ይህን ሁሉ ለእኔ አስረዳችኝ። ለባለማሳው ግን በጣቷ እያሳየች፣ በተማረችው ቃል፣ "ያ የወጥመድ ነው፣ ይሄኛው ቁጥጥር ነው" አለቻቸው።

"ቁጥጥሩ እዚህኛው ላይ ነው?"

"አዎ ጋሼ፣ እንዳይረሱት።"

"ወላሂ አልረሳውም።"

ከዚያ ከሁለቱም ማሳ አርባ አርባ አይጥ ይዛ፣ የወጥመዱን ማሳ አይጦች ጅራታቸውን፣ የሌላውን ማሳ እግራቸውን ሂና ቀብታ ለቀቀች። ከወራት በኋላ እንደገና ስትይዝ፣ ከተያዙት ውስጥ ሂና ያለባቸው ስንት እንደሆኑ አይታ የቀሩትን ትገምታለች። ሂናውን የሰጡት የጋሽ አብዱልሐሊም ባለቤት እትዬ ቶይባ ናቸው። "ሙሽራ አርገሽ መልሰሽ ማሽላዬ ውስጥ?" ብለው ሲስቁ ዋሉ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበራቸውም። የቁጥጥሩን ማሳ አረሙ፣ የአይጥ ጉድጓዱን ሁሉ በጭስ አጠኑ፣ የጎረቤት ድመት እየተዋሱ አሰማሩ። ወደ ወጥመዱ ማሳ ዞር ብለውም አላዩ።

ይርጋለም ስትመለስ በቁጥጥሩ ማሳ አንድም አይጥ አጣች። የወጥመዱ ማሳ ግን እግራቸው ሂና በሆነ ስደተኞች ተጨናንቋል። በወረቀት ላይ ሲሰላ አዲሱ ወጥመድ አይጥ ያራባል። ድንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አንድ ዓመት ሄደባት።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ?"

"ቁጥጥር ነው አላልሽም?"

"ቁጥጥር ማለት እኮ ምንም የማይደረግበት ማለት ነው።"

"ልጄ፣ ምንም አትሥራ የሚል ቁጥጥር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም" አሉ።

በዚያው ሳምንት እውነተኛው ቁጥጥር ከወረዳ መጣ። አይጥ የሌለበትን ማሳ አይቶ የወጥመዱ ውጤት ነው ብሎ ፎቶ አነሳ። ወጥመዱ ያለው እዚያኛው ነው ብዬ ብጀምር፣ ፎቶ የሚያምረው እዚህ ነው ተባልኩ። ሰርተፍኬቱ ወደ ምስማሩ ተመለሰ። እትዬ ቶይባ በልብሳቸው ጫፍ የሰርተፍኬቱን መስታወት ወለወሉት።

ዘንድሮ ይርጋለም ሥራውን ከመጀመሪያው ደገመችው። ጋሽ አብዱልሐሊም ሁለቱንም ማሳ እንደገና ሰጧት፤ በቁጥጥሩ ማሳ ዙሪያ ገመድ አስረው ማንም እንዳይገባ ከለከሉ። አረሙ በቀለ፣ አይጡ ጠገበ። ቁጥጥር ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ሄጄ ለመንኳቸው።

"ጋሼ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ይንቀሉት። ማን ያያል?"

"ልጅቷ ቁጥሯ ይበላሻል።"

"ሰርተፍኬቱስ?"

"ካለቀሰች ጀምሮ ደስ ብሎኝ አላየሁትም። ና ውሰደው።"

ወሰድኩት። ይርጋለም ተመረቀች፤ ወጥመዱም ይሠራል ተባለ። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው የመጣ እንግዳ ባዶውን ምስማር አይቶ ኮቱን ሊሰቅልበት ሲል ጋሽ አብዱልሐሊም እጁን ያዙት።

"ተዋት" አሉት። "እሷ ቁጥጥር ናት።"