ሰፊዋ ሴትዮ

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዕድሜዋ እንግሊዝኛ ልማር ብላ የተነሳችው በፀጉር አስተካካዩ ምክንያት ነው። ሱቋ ሆቴል ሥር ስለሆነ የውጭ አገር እንግዶች ቀሚስና ሱሪ ይዘው ይመጡባታል፤ እሷ ደግሞ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» አታልፍም። ጎረቤቷን ፀጉር አስተካካይ ስትጠራው መቀሱን እንደያዘ ከች ይልና ያስተረጉማል። ያልገባውን ከራሱ ይጨምርበታል። አንድ ጊዜ ይርዘምልኝ ያለችውን እንግዳ ይጠርልኝ አለች ብሎ ቀሚሷን አስቆርጧል፤ ይባስ ብሎ ወሬውን ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያዳርስ ሰነበተ። ልብስ ሰፊዋም ከዚህ ሰውዬ ካልተገላገልኩ ሰው አይደለሁም አለችና ለአዋቂዎች በተከፈተ የእንግሊዝኛ ክፍል ተመዘገበች።

መምህሩን ተማሪዎቹ «ጸጥታ» ይሉታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፊቱ ሲሠራ ፈገግታ ያለቀ ይመስላል እንጂ። አንድ ሰው ሲሳሳት መነጽሩን ዝቅ ያደርግና ዝም ብሎ ያየዋል። ሌባ ሲያባርር ድምፁ ሦስተኛ መንደር የሚሰማ የባንክ ጥበቃ አብሯቸው ይማራል፤ እሱ እንኳ ተራው ሲደርስ ሹክሹክታ ይሆናል። ሁሉም መናገር ሊማር እየመጣ አፉን ዘግቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ራሳችሁን አስተዋውቁ ተባሉ። ልብስ ሰፊዋ የልጇን መዝገበ ቃላት ገልጣ «ሰፊ» የሚለውን ፈለገች፤ አገኘችውም። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናውን እየረገጠች አጠናችው። ተራዋ ሲደርስ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳችና ጥርት አድርጋ «አይ አም ዋይድ» አለች።

ምን ታድርግ፣ «ሰፊ» ሲላላ መርፌ የያዘ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ግን ወርደ ብዙ፣ «ዋይድ» ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ይጥበቅ ይላላ አይነግርም። እሷም መቼስ ጠባብ የምትባል ሴት አይደለችም።

ጸጥታ መነጽሩን ዝቅ አደረገ፤ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ይሄማ ይታያል» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያም ድርሽ አላለችም።

«እንግሊዝኛ ደረቅ ቋንቋ ነው፣ ለሰው አይሆንም» አለቻት ልጇን።

«እማዬ፣ ቋንቋው ምን አደረገሽ? መምህሩ ነው እንጂ።»

«ያው ነው። ቋንቋውን ባሰብኩት ቁጥር የሰውዬው መነጽር ነው የሚመጣብኝ።»

ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን ይዞ ወደ ማስተርጎም ሥራው ተመለሰ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱ ይለፈልፋል፤ እሷ በገዛ ሱቋ እንደ እንግዳ ቆማ አፍ አፉን ታያለች። ያንገበግባት የነበረውም ይሄው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከእሷ በኋላ የሚነሳ ጠፋ። ጥበቃውን ራስህን አስተዋውቅ ቢሉት ጉሮሮዬን አሞኛል አለ፤ ቀጥሎ ያለችው ጥርሴን አለች። መምህሩ ባዶውን ወንበር ሲያይ ሰነበተና አንድ ከሰዓት ሱሪ በክንዱ አንጠልጥሎ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቆመ።

ስታየው መርፌዋ እጇ ላይ ቀረ። እሱም ይቅርታ የሚለው ቃል በየትኛውም ቋንቋ አልመጣለትም መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወገቡን ላሰፋ ብዬ ነው» አለና ሱሪውን ዘረጋላት። ከዚያም ሸሚዙን የወጠረውን ሆዱን መታ መታ አደረገ። «አይ አም ዋይድ።»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መነጽሯን ዝቅ አደረገች። ቀስ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄማ ይታያል።»

ያ ያለቀ የመሰለው ፈገግታ ለካ ተርፎ ኖሯል። ሰውዬው በሩን ይዞ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እሷም ላለመሳቅ ብዙ ታገለችና አቃታት። ሳቁ ሲያልፍ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቀና ብላ ቆመች።

«የልብስ ሰፊው እንግሊዝኛ የትኛው ነበር ታዲያ?»

«ቴይለር።»

«አይ አም ቴይለር» አለች፤ ድምፅዋ እስከ ጎረቤት ተሰማ። «ሱሪውን ክፍል ይዤልዎት እመጣለሁ፣ መምህር።»

ፀጉር አስተካካዩ እንግሊዝኛ ሰምቶ መቀሱን እንደያዘ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«እትዬ፣ ላስተርጉም?»

«ተወው» አለችው። «ተግባብተናል።»