በግማሽ ሰው የሄድንበት ቀብር

በሽታው ገባ በተባለበት ዓመት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፣ ስምሪት ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ ለሹፌሮች ተራ መስጠት፣ ተሳፋሪውን ማየትና የመውጫ ወረቀት መፈረም ነው። ድሮ ጠባችን በትርፍ ሰው ነበር። አንድ ወንበር ላይ ሁለት እያስቀመጡ፣ ከሹፌሩ ጀርባ በበርጩማ እየደረደሩ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ እይዛቸዋለሁ። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፤ መኪና ሁሉ በግማሽ ሰው ይጫን፣ ጭምብል የሌለው አይሳፈር፣ ሰውና ሰው ጎን ለጎን አይቀመጥ ተባለ። ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ወንበሩ ግማሽ ሆነ። ሕዝቡ ግን ግማሽ አልሆነም።

ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ሰዉ ቀድሞኝ ተሰልፏል። መሬቱ ላይ በኖራ ያሰመርነው መቆሚያ አለ፤ ትንሽ ይቆሙበትና ካፊያ ሲጥል ሁሉም ጣሪያ ሥር ገብቶ እንደ በግ ይተፋፈጋል። መግቢያው ላይ ያስቀመጥነው ባለቧንቧ ጀሪካን ረፋድ ሳይደርስ ያልቃል፤ የሚሞላ አጥቼ ራሴ እቀዳለሁ። «ተራራቁ፣ እባካችሁ ተራራቁ» ስል ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ ድምፅ የለኝም። ቤት ደግሞ አስም ያለባት እናቴ አለች። ልብሴን ጓሮ ቀይሬ፣ ታጥቤ፣ ልጆቼን ከሩቅ «እንዴት ዋላችሁ» ብዬ እተኛለሁ። ሰውን ቀኑን ሙሉ «አይቻልም» ማለት ከእንጨት ፈለጣ በላይ ያደክማል። ሉማሜ ያለች አራስ ልጇን ልትጠይቅ ገንፎ ዱቄት አዝላ የመጣችን እናት አይቻልም፣ ሞልቷል ብዬ መልሻታለሁ፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ እያየችው።

ከሹፌሮቹ ሁሉ የሚያደክመኝ አንድ ሽማግሌ ነበር። የራሱን አሮጌ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ነገረኛ ሰው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ «እታለም» ይለኛል። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ ነፍሱን ያመዋል። አንዱን ወንበር በእጁ እየመታ «እቺ ምን በደለች? ለምን ጾም ታድራለች?» ይለኛል። ትራፊክ ሁለት ጊዜ ቀጥቶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስቀጣሁት እኔ እንደሆንኩ አድርጎ ለሰው አውርቷል። እኔም ተራው ሲደርስ ገና መልኩን ሳየው ይደክመኝ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፤ በአንድ ረፋድ የፈረስ ጋሪ የሬሳ ሳጥን ጭኖ መናኸሪያው ውስጥ ገባ። ከኋላው ቤተሰብ ይከተለዋል። እንደ ደንቡ ሁሉም ብድግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ወደኋላ አፈገፈገ። አገጫቸው ላይ ሰቅለውት የነበረውን ጭምብል ወደ አፍንጫቸው ሲስቡ አየሁ። ሟች በደብረ ኤልያስ መንገድ የአንድ ገጠር ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ቀርቦ ነገሩን አስረዳኝ። አባቱ ወረርሽኙ ከመምጣቱም በፊት ጉበታቸውን ይታመሙ ነበር፤ ሆስፒታል ሰንብተው ንጋት ላይ አረፉ። አምቡላንስ አስከሬን አይጭንም ተብለዋል። ከተማ ውስጥ የለመኗቸው ባለመኪናዎች ሁሉ ሳጥኑን ሲያዩ መልስ ሳይሰጡ ሄደዋል። ሆስፒታሉ የሰጣቸውን ወረቀት አሳየኝ። እኔ አመንኩት፤ ሹፌሮቹ ግን ከወረቀቱም ቢሆን መራቅ ፈለጉ።

በተራ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ጎማው እንደላላ ነገረኝ። ሁለተኛው ሌላ ጉዞ ተዋውያለሁ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ፊት ለፊት፣ ትንንሽ ልጆች እንዳሉትና ነገ ማን ይሳፈርልኛል ብሎ እንደሚፈራ ነገረኝ። አልተቆጣሁትም። ልጆች እኔም አሉኝ። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ቆሞ ይሰማል። የሟች ባለቤት ጋሪው ጎን ላይ ተደግፈው አንድ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገዋል።

ያ ሽማግሌ ሹፌር ከመኪናው ወረደ። ወደ ጋሪው ሄዶ ሳጥኑን በክንዱ ለካና የኋላው ወንበር ካልተነሳ እንደማይገባ ተናገረ። ረዳቱን ጠርቶ ብሎኑን ማስፈታት ጀመረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ አብረሽኝ ካልመጣሽ ግን አልነቃነቅም» አለኝ። «ኬላ ላይ ማን ይመሰክርልኛል? ደግሞ ሊቀጡኝ ነው።»

አለቃዬን ጠየቅኩ፤ ሂጂ አለኝ። ረዳቱ እንዲቀርና በሱ ቦታ በሩ ጋ እኔ እንድቀመጥ ተስማማን። የቀረውን ወንበር ለቤተሰቡ ማካፈል ግን የኔ ሥራ ሆነ። የኋላው ተነስቶ ከቀረው ግማሹ ለአራት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ቤተሰቡ ደግሞ ከአሥር ይበልጣል። ባለቤታቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ሴት ልጃቸው፤ ሦስት ሆኑ። ለአራተኛው ቦታ ሁለት ሰው ቀረ፦ የሟች እህት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት፤ እና የሟች ታናሽ ወንድም። ማንኛችሁ ትሄዳላችሁ ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም።

ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩኝ። ድምፃቸው ሰልሏል።

«ልጄ፣ እሱስ ከሰው ይቆጠራል?» አሉኝ፣ ሳጥኑን እያሳዩ።

መመሪያውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን የትም አልተጻፈም። የመለሰላቸው ሹፌሩ ነው።

«አይቆጠሩም እሜቴ። የዛሬው መኪና የሳቸው ነው። የምንቆጠረው እኛ ነን።»

ወንድምየው ይህን ሲሰማ ጋቢውን አጠበቀ። እህቱን በክንዳቸው ይዞ ወደ በሩ አመጣቸውና አሳፈራቸው። «እኔ እግር አለኝ» ብሎ ዱላውን አንስቶ በመናኸሪያው በር ወጣ። መንገዱ ለእግረኛ የቀን ሙሉ መንገድ ነው። ማንም አልከለከለውም፤ እኔም አልከለከልኩትም፣ ምክንያቱም የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። ሌሎቹ ዘመዶችና ጎረቤቶች መናኸሪያው አጥር ሥር ቁጭ እንዳሉ ትተናቸው ወጣን።

አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩን ከያዝን በኋላ ሳጥኑ በየጉድጓዱ ይንገጫገጫል፤ ልጅየው በእጁ ደግፎ ይዞታል። ነገረኛው ሹፌር እንኳ እንደ እንቁላል ሻጭ ቀስ እያለ ነው የሚነዳው። ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ሚሊሻዎችና ሁለት የጤና ሠራተኞች ቆመዋል። አንዷ ወጣት የጤና ሠራተኛ የሙቀት መለኪያውን በየግንባራችን ላይ አነጣጠረች። የሌሎቻችን ደህና ሆነ፤ የባለቤታቸው ግን ከፍ አለ። ደግማ ለካች። አሁንም ከፍ አለ።

ከንጋት ጀምሮ ሲያለቅሱ እንደነበር፣ ፀሐይ ላይ እንደቆዩ አስረዳኋት። ልጅቷ ራሷ ደክሟታል፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ የጭምብሉ ክር ጆሮዋን አቁስሎታል። ሙቀቱ ካልወረደ ለይቶ ማቆያ ማስገባት እንዳለባት ነገረችኝ። ከዚያ ጥላ ሥር እንዲያርፉ ፈቀደች። ከባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ከሹፌሩ ጀሪካን ውሃ ቀድቼ ግንባራቸው ላይ አደረግኩ።

«እማማ፣ ትንሽ አያልቅሱ፤ እስክለካዎት ብቻ» አለቻቸው ልጅቷ፣ በትሕትና።

እሳቸውም እሺ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ባላቸውን ለመቅበር ብለው ልቅሷቸውን ዋጡ። በዚያ ዓመት ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ሴት ልጃቸው ፊቷን ወደ መኪናው አዙራ ቆመች። ሹፌሩ ከሚሊሻዎቹ ጋር ሊጣላ እንደሆነ ገምቼ ነበር፤ እሱ ግን ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ብዙ ከቆየን በኋላ ልጅቷ መጥታ ለካች። ወረደ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ገመዱን አስወረደች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። በደህናው ጊዜ የዚያ አገር ቀብር ሜዳ ይሞላል፤ ከሦስት አራት ደብር ሰው ይመጣል። የቀበሌው ሹሞች ግን ቀድመው ደርሰው ሕዝቡን በትነውታል። ከመኪናው ስወርድ ያየሁት ሰው በየእርሻው ላይ፣ በታረሰው መሬት መሐል፣ አንድ እዚህ አንድ እዚያ ቆሞ ነው። ነጭ ነጩን ለብሰው ከሩቅ ይታያሉ። አንዲት ሴት ሙሾ ታወርዳለች፤ ቃሉ ማዶ ያሉት ጋ ዘግይቶ ስለሚደርስ ተቀባዮቹ አንድ ላይ አይሆኑም። አንዱ ጥግ ሲጨርስ ሌላው ገና ይጀምራል። ሳጥኑን የሚሸከም ሰው ስላነሰ ልጅየው፣ ሁለት ዲያቆናት፣ ሹፌሩና እኔ ተሸከምነው። ሴት መሸከሟን ያየ ሁሉ ምን እንዳለ አላውቅም። ፍትሐቱ አጭር ነበር። ባለቤታቸው ያን ጊዜ አለቀሱ። የሚደግፋቸው ጎረቤት እንኳ እንዳይጠጋ ተከልክሎ ስለነበር፣ ልጃቸው ብቻ ወገባቸውን ይዛ ቆመች።

እዝን እንድንቀምስ ለመኑን፤ ሹፌሩ አመስግኖ መንገድ እንዳይመሽብን ነገራቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሳን። ባዶ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ የጋቢናው ወንበር ላይ። ለምን እሺ እንዳለ ጠየቅኩት። በቀን ሦስቴ የሚጣላኝ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ሦስቱ እምቢ ሲሉ ተራው እኔ ጋ ደረሰ» አለኝ።

ጥቂት እንደተጓዝን ከፊታችን አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ አየን። ጋቢው እስከ ወገቡ አቧራ ለብሷል፤ ዱላው ላይ ተደግፎ ያነክሳል። የሟች ወንድም ነው። እስከ መገንጠያው አንድ የእህል አይሱዙ አሳፍሮት፣ ከዚያ ወዲህ በእግሩ መጥቷል። ሹፌሩ አቆመ። ሰውየው በመስኮቱ በኩል ፊታችንን ተራ በተራ አየ።

«አፈር ለበሰ?» አለ።

«ለበሱ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው ሹፌሩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ለዛሬ አብሮን ተመልሶ ከተማ እንዲያድር የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ቀብሩ አልፏል፣ ይመሻል፣ እግርህ ቆስሏል አልኩት። እሱ ግን መንገዱን ጀምሮታል። በመኪናው ጎን አልፎ መራመድ ቀጠለ። ሹፌሩ በመስታወቱ ትንሽ አየው። ከዚያ መሪውን ጠምዝዞ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ ብሎ መኪናውን አዞረ። አጠገቡ ደርሶ ሲቆም በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሰውየው ገብቶ መጨረሻው ላይ፣ ሳጥኑ የነበረበት ወለል ላይ ተቀመጠ። ወንበር አለ ብዬ ብነግረውም እዚሁ ይሻለኛል አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ተበትኗል። ወንድምየው አዲሱ አፈር አጠገብ ቆሞ፣ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ስሙን እየጠራ፣ አብረው ያረሱትን ማሳ እየጠራ። ድምፁን ሰምተው በየቤቱ ደጃፍ ያሉ ሴቶች ተቀበሉት። ጨርሶ ዓይኑን ጠርጎ ወደ ሟች ቤት ሲሄድ እኛም ተመለስን። የማርቆስ መብራት ሲታየን ሹፌሩ ጉልበቱ እንደማያላውሰው ቢነግረኝም እስከ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። እናቴ ጓሮ ውሃ አሙቃ አስቀምጣልኝ ነበር።

በማግስቱ ሌሎቹ ሹፌሮች ሽማግሌው ሚኒባሱን አጠገባቸው እንዳያቆም እንድከለክለው ጠየቁኝ። እሱ ቀድሞ በበረኪና አጥቦት፣ በሮቹን ሁሉ ለፀሐይ ከፍቶ አቁሞታል። ወሬው ተሳፋሪውም ጋ ደርሷል፤ ተራው ሲደርስ የሚገባለት ጠፋ። ወንበሩ ከግማሽም በታች ሆኖ ወጣ። እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ቆየ። አንድም ቀን አማርሮ አልሰማሁትም፤ ከእኔ ጋር መጣላቱንም ተወው። እውነቱን ለመናገር ጠቡ ናፈቀኝ፤ ዝምታው የበለጠ ያደክም ነበር።

ከወራት በኋላ መኪና በሙሉ ወንበሩ እንዲጭን ተፈቀደ። ጭምብሉም እየቀረ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ይህ መንገድ በሌላ በሌላ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ኖሯል፤ እኔም ሲከፈት እየፈረምኩ፣ ሲዘጋ ሰዉን ከበር እየመለስኩ አለሁ። ሹፌሩ ጉልበቱ ብሶበት መኪናውን ሸጦ ቤቱ ተቀምጧል። የሟች ልጅ ባለፈው ዓመት ሕፃን ልጁን ሊያሳክም መጥቶ መናኸሪያው ውስጥ አገኘኝ። እናቱ ደህና ናቸው። የአባቱን ማሳ የሚያርሰው አጎቱ ነው።