ኮሎኔሉ ማመስገን የተዉበት ጊዜ

አማቴ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው። ከእስር ከተፈቱ ወዲህ ከግቢ አይወጡም ነበር። በየጠዋቱ ጫማቸውን መስታወት እስኪመስል ይወለውሉና ተመልሰው አልጋ ሥር ያስቀምጡታል።

ያሳሰራቸው ነገር እንዲህ ነው። ጡረታ እንደወጡ ለምክር ቤት ተወዳደሩ። ሕጉ ዕጩ ተወዳዳሪ የመንግሥት ሥራ ከያዘ ድርጅት ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። እሳቸው ግን አንድ የመንገድ ተቋራጭ መኪናና ድምፅ ማጉያ ሲሰጣቸው ተቀበሉ። ሌላው ቢሆን አፉን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው በስብሰባው መሐል ተቋራጩን ከወንበሩ አስነሥተው፣ ጀብዱ ለሠራ ወታደር እንደሚደረገው በሰው ሁሉ ፊት አመሰገኑት፤ ያውም በራሱ ድምፅ ማጉያ። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ «ኧረ ይቅርብኝ ኮሎኔል» ቢል ማን ሰምቶት። ስብሰባው ተቀርጾ ስለነበር ዐቃቤ ሕጉ ብዙም አልደከመ። ዳኛዋ «ክልክል መሆኑን ያውቁ ነበር?» ሲሏቸው፣ «አውቅ ነበር። ለበጎ ሥራ ስለሆነ ችግር የለውም ብዬ ነው» አሉ። ተፈረደባቸው።

የተፈረደባቸው በመቀበላቸው ነው። እሳቸው ግን የተዉት ማመስገንን ነው። ሻይ ሳቀርብላቸው እንኳ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም።

እኔ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ልጄን መዋዕለ ሕፃናት ታደርስልኝ የነበረችው ጎረቤት ሰፈር ስትለቅ ማርፈድ አበዛሁ። አለቃዬም «ነገ ካረፈድሽ ማሽንሽ ላይ ሌላ ሰው ታገኛለሽ» አለችኝ።

እራት ላይ ድፍረቴን ሰብሰብ አደረግሁ። «አባባ፣ ነገ ልጅቷን እርስዎ ያድርሱልኝ።»

«ከወንጀለኛ ጋር መጣች እንዲሏት?»

«ሰፈሩ ሌላ ወሬ አጣ እንዴ? የባለሱቁ ሚስት ጥላው ሄዳ ተመልሳለች። እርስዎማ ከተረሱ ቆዩ።»

አልሳቁም። «ካረፈድሽ ከሥራ ያስወጡሻል?» አሉ።

«ያስወጡኛል።»

ጠዋት የልጄን ሮዝ ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጫማቸው ያበራል።

ታክሲ የምይዘው ከሱቁ አጠገብ ስለሆነ እዚያ ድረስ አብረን ሄድን። ባለሱቁ ብቅ ሲል የአማቴ እግር ተገታ። እሱ ግን ሰላም ብሏቸው ለልጄ ብስኩት ዘረጋላት። አማቴ እጇን ያዝ አደረጉት።

«በምን ምክንያት ነው የምትሰጣት?»

«ልጅ ስለሆነች ነዋ፣ ኮሎኔል። ለምርጫ ልትወዳደር ነው እንዴ?»

አሁን ዞረው ቤት ይገባሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው የልጄን እጅ ለቀቁላት። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ዘወር እስኪል ድረስ «ስለ ልጄ ልጅ አመሰግንሃለሁ!» አሉ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ የሰፈሩ ልጅ ሰምቶ ይወረኛል» አለ ባለሱቁ።

ታክሲው ውስጥ ሆኜ በመስኮት አየኋቸው። ልጄ ብስኩቷን እየገመጠች፣ እሳቸው እርምጃቸውን በእሷ ልክ አሳጥረው፣ መንገዱን ይዘውታል።

ስፌት ቤት ስደርስ ማሽኔ ላይ ማንም አልተቀመጠም።