የጥፍር ቀለም የተቀባው ፍሬን

እናቴ እኛን ያሳደገችን በአንድ ተረት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለሥራ ጅጅጋ ስመጣም ከቤት ይዤው የወጣሁት ዋናው ስንቅ ይኸው ተረት ነበር። ስለዚህ የአሮጌዋ መኪናዬ ፍሬን ሲረገጥ መስመጥ ሲጀምር፣ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰረቅኩ። መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ "አዲሱን ዕቃ ደብቀው አሮጌ ይገጥሙልሃል" ብለውኛል። የፍሬኑን ሸራ ራሴ ገዛሁና በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ አንድ አንድ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ጊዜ አልነበረኝም። እኔ ጋ የመጣችው እናቴ የዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ በማግስቱ ሐረር መድረስ ነበረባት።

መካኒኩ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ወሬ የማያበዛ የጅጅጋ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ እጆቹን ስጠብቅ ዋልኩ። ምሳ አልበላሁም። ሽንት ቤት እንኳ የሄድኩት እሱ ለሰላት ሲነሳ ነው። ሸራውን ቀየረ፣ የፍሬን ዘይቱን ቱቦዎች ፈትቶ አጸዳ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ አንስቶ "ካራማራን ወርጄ ልሞክራት" አለኝ።

ካራማራ ተራራ ድረስ? በእኔ ነዳጅ? በሆዴ ብቻ ብዬው ቢሆን ጥሩ ነበር።

"በሰው መኪና ካራማራን አልፈህ ባቢሌ ወርደህ ጫት ልትጭን ነው?" አልኩት፣ ደንበኞቹ እየሰሙ።

ፊቱ ጠቆረ። ቁልፉን ከእጁ ላይ ወሰድኩ። ራሴ ከተማው ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አልተሸወድኩም ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ሐረር ደርሰን እናቴ ታከመች። በማግስቱ አንድ ዓይኗ ታሽጎ ስንመለስ፣ ካራማራን አልፈን ወደ ጅጅጋ ቁልቁለቱን እንደጀመርን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ባዶ ነው። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ መንገዱ ዳር ካለ የአፈር ክምር ጋር እያሻሸሁ አቆምኳት። እናቴ ከኋላ ወንበር "ደረስን እንዴ?" አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ለምርመራ ሐረር መመለስ አለባት። መኪናዋን አስጎትቼ ጋራዡ ስደርስ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

"ሸራዬን ሸጠህ አሮጌ ገጠምክልኝ! እናቴን ልትገድላት ነበር!"

መካኒኩ ክሪክ አስገብቶ ጎማዎቹን ተራ በተራ ፈታ። ቀይ ነጥቦቼ አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠዋል። ከዚያ በጣቱ የአንዱን ቱቦ ማሰሪያ ነካና አሳየኝ፤ በዘይት ርሷል።

"እኛ ፍሬን ከሠራን በኋላ ካራማራን ወርደን እንመለስና ገና ትኩስ እያለ ጎማውን እንደገና እንፈታለን" አለኝ። "የሚያፈስ ነገር ካለ ያኔ ነው የሚታየው። በሜዳ አይታይም።"

"ታዲያ ለምን ለቀቅከኝ?"

"ተናድጄ ነበራ። ሰው ፊት ነው ያዋረድከኝ። ይሂድ አልኩ፤ ጥፋት ነው።" መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ግን ወላሂ፣ ሆዮ እንደምትሳፈር ብትነግረኝ ቁልፉን ከእጄ አትወስደውም ነበር።"

ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። አፈርኩ።

ማሰሪያውን ቀይሮ ሲጨርስ ቁልፉን ራሴ ሰጠሁት። "አብረን እንሂድ" ቢለኝም እምቢ አልኩ፤ አምኜዋለሁ ለማለት ነው። ሳጥኔ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ለፖሊስ የምሰጠውን ቃል በልቤ እየተለማመድኩ ነበር።

መጣ። "ባቢሌ ድረስ ወረድኩ፤ በደንብ ይጋል ብዬ" አለ ያለ ምንም እፍረት። ጎማዎቹን ፈታ፤ ማሰሪያዎቹን በየተራ በጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን አሳየኝ። ደረቅ ነው። ጎማዎቹን መልሶ አስሮ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል የዕቃ መጫኛውን ከፈትኩ። አዎ፣ የጫት ቅጠል ፍለጋ ነው። ያገኘሁት አንድ ፌስታል የባቢሌ ኦቾሎኒ ብቻ ነበር።

"እሱ ለሆዮ ነው" አለኝ ከኋላዬ።

በሳምንቱ ሐረር ሄደን በሰላም ተመለስን። እናቴ ኦቾሎኒውን ማን እንደላከላት ስትጠይቀኝ መካኒኩ ነው አልኳት።

"ጥፋቱን ቢያውቅ ነዋ!" አለች፣ አንዱን እየፈለፈለች።

እስከ ዛሬ ቤቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያ የጅጅጋ መካኒክ ካራማራ ላይ ሊፈጃት እንደነበር ታወራለች፤ መጨረሻ ላይም ተረቷን ትጨምራለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ቁልፉን ከእጁ የቀማሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።