ከበሽታ ጋር ሲፋለም የቆየው ልብስ ሰፊ

ጸሐፊዋ ሙት ወቃሽ አይደለችም፤ ሙት አዋጊ እንጂ። በፎቶ ኮፒ ቤቷ ጥግ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ ለቀብር የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ ሃያ ዓመት ሆናት። በእሷ እጅ ታሞ ብቻ የሞተ ሰው የለም። ስኳር ያለበት ሁሉ «ከሕመሙ ጋር በጽናት ሲፋለም ቆይቶ» ነው የሚያርፈው። መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው የሞቱትን ጡረተኛ እንኳ «ከሞት ጋር ግብግብ ገጥመው» ብላ ጽፋላቸዋለች። ሳሙና ነው እኮ የጣላቸው! ቤተሰቡ ግን እያለቀሰ አመሰገናት። ሌላ ሟች ሲመጣ የድሮውን ጽሑፍ ትከፍትና ስሙን ቀይራ ታትማለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ጉበቱን ካመመው ሦስት ዓመቱ፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ሐኪሙ ለሰኞ የሦስተኛ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዞ፣ «ጥቂት ወራት ይጨምርለት ይሆናል፤ ላይጨምርለትም ይችላል። ምርጫው የእናንተ ነው» ብሏል። ምርጫ? ማን አስመረጠው! ታላቅ ወንድሙ ገና በሩን ሲከፍት «እንዴት ነው ጀግናው? እጅ እንዳትሰጥ!» ይላል። ጸሐፊዋ ሚስቱም «ታሸንፈዋለህ» ትላለች። ሰውዬው ፈገግ ይላል፤ ምን ያድርግ።

ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ቀዘቀዘ። እጅ ልማዱን አይተውም፤ የድሮውን ጽሑፍ ከፍታ የባሏን ስም አስገባች፣ የሞቱን ቀን ባዶ ተወች፣ አተመች። ከዚያ ክው አለች። ቀድዶ መጣል ማንን ገደለ! እሷ ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አመሻሽ ላይ ባሏ መድኃኒቱን ከቦርሳዋ ሲፈልግ አገኘው።

«ነይ እስኪ» አላት መነጽሩን አድርጎ። «ይሄ ሰውዬ ማነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እጄን ይቁረጠው! እንዲያው ሳላስበው...»

«በጽናት ተፋለመ ይላል። መቼ? ተኛሁ፣ ወጉኝ፣ አስመለሰኝ። ቢላ የያዘውስ ሐኪሙ ነው።» ሳቀና ጎኑን ያዘ። «ሰኞ አልሄድም ብል ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው? ሸሸ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጽፍ ኖራለች። እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን ጽሑፍ ግን የላትም።

«እና... ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ልብስ ሰፊ ነበር በይ። ታመመ በይ። ደከመው፣ ፈራ በይ።»

«ፈርተሃል እንዴ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «በጣም» አላት። «ግን ጀግና ጀግና ስትሉኝ ለማን ልናገር?»

አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈችው። ተቃቅፈው አለቀሱ። በማግስቱ እሱ «ይቅርብኝ» ሲላት ለሐኪሙ ደውላ የሰኞውን ቀጠሮ አሰረዘች።

ወሬውን የሰማው ታላቅ ወንድም ቅዳሜ ጠዋት እየተንደረደረ መጣ። «የታል ጀግናው? እኔ አነጋግረዋለሁ!»

በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ አቆመችው። «ጀግና እዚህ ቤት የለም፣ ጋሼ። ወንድምህ ግን አለ፤ ፈርቷል። ግባና እጁን ያዘው።»